ቀኝ እጄና የሬዲዮው ኳስ ወርዋሪ

ታሞ የዳነ ሰው ሕመሙን ማውራት ይወዳል ይባላል። እኔ አልወድም። ይህን ለመጻፍ እሺ ያልኩት በማኅበራችን ያሉ ሁለት ሴቶች በተለያየ ጊዜ እጃቸውን ይዘው መጥተው «አንቺን ምን ነበር ያመመሽ?» ብለው ስለጠየቁኝ ነው። አንዷ ከወራት በፊት ጀምሮ ያማት ነበር፤ ለማንም አልተናገረችም። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ሕመም አልነበረም። ብርድ ነበር። ከሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሥራዬ ጡረታ በወጣሁ በመጀመሪያው የበረዶ ወራት፣ ሁለቱን እጆቼን ጓንት ውስጥ ከትቼ ከገበያ ስመለስ ግራው ይሞቃል፣ ቀኙ እንደ ብረት ቀዝቅዞ ይቀራል። ቤት ገብቼ ሙቅ ውኃ ውስጥ ስነክረው ጣቶቹ ነጭ ይሆናሉ፤ ከዚያ ይጠቁራሉ፤ ቆይተው ደም ሲመለስባቸው እንደ መርፌ ይወጋሉ። ፀጉሬን ለማበጠር ክንዴን ሳነሳ ደግሞ ሳልጨርስ ይዝላል። ማበጠሪያውን አስቀምጬ አርፌ እንደገና እጀምራለሁ።

ለባለቤቴ ለአቶ መኩሪያ ነገርኩት። ሁሉን ነገር የሚያውቅ ሰው ነው።

«ብርድ ነው» አለኝ። «ያን ሁሉ ዘመን ከእንፋሎት ወጥተሽ በረዶ ውስጥ ስትገቢ ኖረሽ፣ ምን ጠበቅሽ?»

ምክንያቱ ትክክል መሰለኝ። ቅባት እየተቀባሁ፣ እጄን ነጠላዬ ሥር እየሸጎጥኩ መኖር ጀመርኩ። ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው ሰፈር ያለው አፓርትመንታችን ማሞቂያው ጥሩ ነው፤ ቢሆንም ቤት ውስጥ ነጠላዬን አላወልቅም ነበር። እንግዳ ሲመጣ ትከሻ ለትከሻ እየተገጫጨን ስንሳሳም ያመኛል። ፈገግ ብዬ አሳልፈዋለሁ።

ስለ ባለቤቴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ የሚቀጥለው አይገባም። አቶ መኩሪያ እዚህ አገር ከመጣን ጀምሮ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ነበር። በዚያች ጠባብ የመስታወት ቤት ውስጥ ብቻውን ሲውል ጓደኛው ሬዲዮ ነበር፤ በሬዲዮም የቤዝቦል ጨዋታ። ጡረታ ሲወጣ ልማዱን ይዞት ቤት ገባ። ጆሮው ደከም ስላለ ጎረቤት እስኪሰማ ይከፍተዋል። ወደድኩም ጠላሁም ጨዋታውን ተማርኩት። ፒቸር የሚሉት ከሜዳው መሃል ጉብታ ላይ ቆሞ ኳሱን የሚወረውረው ነው። ዱላ የያዘው ተጫዋች ሊመታበት ይሞክራል። ጨዋታው ሁሉ በዚያ በወርዋሪው ክንድ ላይ ነው።

ከሬዲዮ ተናጋሪዎቹ አንዱ ቀድሞ ራሱ ፒቸር ነበር። ስሙን አልጽፍም። ባለቤቴ «ረጅሙ» ነው የሚለው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ አይቸኩልም፤ ሌላው ተናጋሪ ሲጮህ እሱ ዝም ብሎ ቆይቶ አንዲት ነገር ጣል ያደርጋል።

«ይህ ሰውዬ ሲወረውር እኮ ኳሱ አይታይም ነበር» ይለኛል ባለቤቴ።

«ታዲያ ለምን ተወው?»

«ክንዱ ሞተ አሉ።»

«ሰው ሳይሞት ክንድ ይሞታል?»

«የወርዋሪ ይሞታል። አንድ ቀን ሜዳ ላይ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ አላየነውም። ከስንት ዓመት በኋላ በሬዲዮ መጣ። መጀመሪያ እንደ ድንጋይ ዝም ይል ነበር! ጨዋታው ያለቀ እየመሰለኝ ሬዲዮውን እነካካለሁ።»

«ይባረርልኝ ብለህ ስልክ ልትደውል አልነበር?»

«ያን ጊዜ መናገር አያውቅማ! ለመናገር እየተከፈለው ዝም የሚል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እኔ ግን ዝምታውን ወደድኩለት። በቤታችን የሚሰማ ዝምታ ያ ብቻ ነበር።

በረዶው ሲቀልጥ እጄ ይሻለዋል ብዬ ነበር፤ አልተሻለውም። ሻይ እየቀዳሁ ፔርሙዙ ከእጄ ወደቀ። ልጃችን ሄለን ያን ዕለት ቤት ነበረችና አየች።

«እማዬ፣ ይሄ ኖርማል አይደለም። ነገ ዶክተር ጋ ኮል አደርጋለሁ» አለች።

ሐኪማችን ፊንች መንገድ ላይ ያለ ክሊኒክ ውስጥ ይሠራል። ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ ቅሬታ የለኝም። እዚህ የምጽፈው በአብዛኛው የእኔ ጥፋት ነው፤ የእኔ ብቻም አይመስለኝም፣ የብዙዎቻችን ነው።

«ዛሬ እንዴት ነዎት?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

ሰላምታ ነው። ሰው እንዴት ነሽ ሲለኝ ሌላ መልስ አፌ አያውቅም። እሱ ግን ሐኪም ነው፤ የጠየቀው ሊያክመኝ ነው። ሄለን ተረጎመችለት፤ ትከሻዋን ያማታል ብላ ጨመረች። ስለ ጣቶቼ መንጣት አልነገርኳትም ነበርና ልትነግረው አልቻለችም።

«ሕመሙ ከአንድ እስከ አሥር ቢቆጠር ስንት ይሆናል?» አለ።

አሰብኩ። አሥር ማለት ምጥ ነው፤ አሥር ማለት ሰው የሚሞትበት ነው። ተቀምጬ እያወራሁ እንዴት ከዚያ አጠገብ ያለ ቁጥር እጠራለሁ? «ሦስት» አልኩ። ማጋነን መስሎ እንዳይታይብኝ ነበር።

ከዚያ የደም ግፊቴን ሊለካ መጣ። ቀኝ ክንዴን ማንሳት ስለሚያመኝ፣ በነጠላም ስለተሸፈነ፣ የግራ እጅጌዬን ሰብስቤ ሰጠሁት። ለካው፤ ጥሩ ነው አለ። የትከሻ መጋጠሚያ መድረቅ ነው፣ በዕድሜዎ የተለመደ ነው ብሎ የሚዋጥ ማስታገሻ አዘዘልኝ፤ ወደ ፊዚዮቴራፒም ላከኝ። ፊዚዮቴራፒ ማለት መገጣጠሚያን በእንቅስቃሴ የሚያፍታታ ሕክምና ነው።

በሌላ ቀጠሮ ደግሞ የእጅ አንጓ ነርቭ ተጨምቆ ይሆናል ተባለና የሚታሰር ድጋፍ ተሰጠኝ። በሦስተኛው የአጥንት መሳሳት ነው ተባለ። በሁሉም ቀን ደህና ነኝ ብያለሁ። በሁሉም ቀን ግራ እጄን ሰጥቻለሁ።

ፊዚዮቴራፒው ላይ በር ላይ በተሰቀለ ገመድ ክንዴን ወደ ላይ ሳብ ያደርጉኛል። ክንዴ ከራሴ በላይ ሲሆን ጣቶቼ የወረቀት ያህል ይነጣሉ። የምታሠራኝ ልጅ ወደ ሌላ በሽተኛ ስትዞር እጄን አወርዳለሁ፤ ስትመለስ አነሳለሁ። ጎበዝ ነዎት ትለኛለች። የታዘዘ ነገር ነው ብዬ ቤትም እሠራው ነበር። እንግዲህ ያ ሁሉ ራሴን መጉዳት እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

ፓርክዴል የሚባል ሰፈር የሚኖሩ አንድ ወጌሻ አዛውንትም ዘንድ ሄጃለሁ። ጅማት ዞሯል ብለው አሹኝ። እጃቸው ሞቃት ስለነበር ለአንድ ቀን የተሻለኝ መሰለኝ።

በቤት ውስጥ መነጫነጭ መጣ። ሄለን ለእኔ ቀጠሮ ከሥራ እየቀረች አለቃዋ ፊቱን ማጥቆር ጀመረ። አንድ ቀን መኪና ውስጥ «እማዬ፣ እነሱ ፊት ደህና ነኝ ትያለሽ፣ ቤት ስትመጪ ማንኪያ መያዝ አትችይም። የቱን ልመን?» አለችኝ።  ባለቤቴ ከኋላ ወንበር «እናትሽ ከመናገር መሞት ይቀላታል» አለ። ማንም አልሳቀም።

ያን ሰሞን ሌሊት ላይ እጄ ያስነሳኛል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ወደ ታች አንጠለጥለዋለሁ፤ እንደዚያ ሲሆን ይቀለኛል። የምፈራው ሞትን አልነበረም። ዕድሜዬን ሙሉ በሰው እጅ ጎርሼ አላውቅም፤ አጉርሼ እንጂ። በሰው እጅ መልበስ፣ በሰው እጅ መታጠብ፣ የምፈራው እሱን ነበር። ቀን ሲሆን እንኳ ለራሴ ደግሜ አላነሳውም ነበር።

የቀለበት ጣቴ ጫፍ ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ የወጣው በሰመር፣ በሙቀቱ ወራት መጀመሪያ ነው። የሆነ ነገር መቶት ይሆናል ብዬ ተውኩት። ወደ ስፔሻሊስት ተጽፎልኝ ነበር፤ ቀጠሮው ግን ገና ሩቅ ነበር።

አሁን ነገሩ ወደታወቀበት ቀን ልምጣ። እሑድ ከሰዓት ነው። የከተማችን ቡድን እዚህ ሲጫወት ስታዲየሙ ጣሪያው ስለሚዘጋ ዝናብ አያግደውም። ያን ቀን ግን ሌላ ከተማ ሄደው ነበር፤ ዝናብ መጣና ጨዋታው ቆመ። በሬዲዮ ሰዓቱን በወሬ መሙላት አለባቸው። ሌላው ተናጋሪ ረጅሙን «አንተ መቼም ይህን አትወድም፤ ግን ሰዎች ይጠይቁኛል። ክንድህን ምን አገኘው?» አለው።

ረጅሙ እንደ ልማዱ ዝም አለ። ዝናቡ በማይክሮፎኑ ይሰማ ነበር። ከዚያ መናገር ጀመረ። የሰማሁትን በራሴ አባባል እጽፋለሁ።

ያደገው በእርሻ አገር ነው። እሱ የጎተራውን ግድግዳ በኳስ ሲደበድብ አባቱ እየሰማ፣ ግድግዳው እስኪሰነጠቅ ምንም አላለውም። ትምህርቱን እንደጨረሰ ለትናንሽ ቡድኖች ፈረመ። ዓመታት በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ ሲንከራተት ቆይቶ ወደ ትልቁ ሊግ ወጣ። ጥቂት መልካም ዓመታት ነበሩት። በአንድ የጸደይ ወር ግን ጣቶቹ ይቀዘቅዙ ጀመር። አየሩ ብርድ ስለሆነ ነው አለ። ኪሱ ውስጥ ሙቅ ነገር እየያዘ ወረወረ። ሙቀት ሲመጣም ጣቶቹ ቀዝቃዛ ነበሩ። ክንዱ ቶሎ ይዝል ጀመር።

«አሠልጣኙ እንዴት ነህ ሲለኝ ደህና ነኝ እለው ነበር» አለ። «በእኛ ቤት እንደዚያ ነው የሚመለሰው። ሐኪሙም እንዴት ነህ አለኝ፤ ደህና ነኝ አልኩት።»

ባለቤቴ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ሬዲዮው አየሁ።

«ሐኪሞች አልመረመሩህም?» አለው ያኛው።

«መረመሩኝ እንጂ። ግን ወርዋሪ ከጨዋታ በኋላ የሚወረውርበት ክንዱ በበረዶ ይጠቀለላል። ስለዚህ የደም ግፊት ሊለኩ ሲመጡ ሁልጊዜ ግራዬን ነው የሰጠኋቸው። ግራዬ ጤነኛ ነበር። ቀኜን ማንም አልለካውም። የሞተው ቀኜ ነበር።»

አንድ ቀን በጨዋታ መሃል ሊወረውር ክንዱን ሲያነሳ ኳሱ ከእጁ ወጥቶ እግሩ ሥር ወደቀ። ስታዲየሙ ሳቀ። እሱ ግን ኳሱ መውደቁ አልተሰማውም፤ ወድቆ ነው ያየው። ሆስፒታል ሲወስዱት፣ ከተወለደ ጀምሮ አንገቱ ሥር አንዲት ትርፍ የጎድን አጥንት እንደነበረችው ታወቀ። እሷ ወደ ክንድ የሚወርደውን የደም ሥር ስትጫነው ኖራ ሥሩ አብጦ፣ ደም እዚያ እየረጋ፣ ስብርባሪው ወደ ጣቶቹ ይወርድ ነበር። እጁን አተረፉለት፤ ሙያውን ግን አላተረፉለትም። አንድ የጣት ጫፍ አጣ።

«ቶሎ ብትናገር ኖሮ?» አለው ያኛው።

«አጥንቷን አውጥተው እስከ ዛሬ እወረውር ነበር ይሆናል» አለ ረጅሙ። «አሁን በማውራት እኖራለሁ። ያን ሁሉ ዘመን ያልተናገርኩት ሰውዬ።» ሳቀ። ዝናቡ ቆመ፣ ወደ ጨዋታው ተመለሱ።

ባለቤቴ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋታ መሃል ሬዲዮውን ዘጋ።

«እጅሽን አሳዪኝ» አለኝ።

ከነጠላው ሥር አወጣሁት። የቀለበት ጣቴ ጫፍ በደንብ ጠቁሯል፤ ከአጠገቡ ያለውም ሰማያዊ ሆኗል። ባለቤቴ የግራ እጄን አንጓ በጣቱ ጫን ብሎ የደም ትርታዬን ፈለገ፤ አገኘው። ወደ ቀኙ ዞረ። ፈለገ። ጣቱን ወደዚህ አደረገ፣ ወደዚያ አደረገ።  እኔም ራሴ ሞከርኩ። የለም።

ሄለን ጋ ደወለ።

«ባቢ፣ ሬዲዮ ሰምታችሁ ዲያግኖዝ አደረጋችሁ?» ስትል ከስልኩ ይሰማኛል። «የሆነ ቤዝቦል ተጫዋች የታመመውን እማዬ ታመመች? ስፔሻሊስቱ ቀጠሮ ይዟል እኮ። ኢመርጀንሲ ብንሄድ ሙሉ ቀን አስቀምጠው ይመልሱናል።»

«ልጄ፣ የእናትሽ እጅ ትርታ የለውም።»

«አንተ ዶክተር ነህ?»

«አይደለሁም። ነይና አንቺ ፈልጊው።»

መጣች። ፈለገች። ጫማዋን ሳታወልቅ መልሳ ቁልፉን አነሳች።

መሃል ከተማ ያለ ሆስፒታል ወሰደችን። ድንገተኛ ክፍሉ ሞልቷል። ከአጠገቤ እግሩን በፎጣ የጠቀለለ ወጣት፣ ፊት ለፊቴ ሕፃን የያዘች እናት ነበሩ። መቀበያው ላይ ያለችው ነርስ ስሜን ጠራችና ተቀመጥኩ።

«እንዴት ነዎት?» አለችኝ።

«ደህና…» ብዬ ጀመርኩ። ሄለን ልትተረጉም አፏን ከፈተች። እጄን ጉልበቷ ላይ አደረግሁ። እንግሊዝኛዬ የልብስ ማጠቢያ ቤት እንግሊዝኛ ነው፤ ብረትና እንፋሎት መሃል እየጮህን የተማርነው። ቢሆንም ይበቃል።

«ደህና አይደለሁም» አልኳት። «እጄ እየሞተ ነው።»

«ሕመሙ ከአሥር ስንት ነው?»

«ስምንት።» ሄለን ዞራ አየችኝ።

ነርሷ የግፊት መለኪያውን ይዛ ወደ ግራ ክንዴ መጣች። «ሁለቱንም» አልኳት። «እባክሽ፣ ሁለቱንም።»

ግራዬን ለካች፤ ጻፈች። ቀኜን ጠቀለለች። መሣሪያው ነፋ፣ አስተነፈሰ፣ እንደገና ነፋ። ምንም ቁጥር አላመጣም። ገመዱን አየች፤ መልሳ ሞከረች። ከዚያ ተነሥታ በፍጥነት ሄደችና ከሐኪም ጋር ተመለሰች። ወጣቱንና እናቲቱን አልፈው አስገቡኝ። ያቺ እናት መንገድ ስትለቅልኝ «ሂጂ እማማ» የምትል ዓይነት በቋንቋዋ አንድ ነገር አለችኝ። ምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ቸርነት ግን በየቋንቋው ይታወቃል።

ደም ሥር የሚያሳይ ምስል አነሡኝ። የቀዶ ሕክምና ሐኪሟ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሴት ናት፣ ጣቶቿ ረጃጅም ናቸው። ትርፍ አጥንት አለ። ከተወለዱ ጀምሮ ነበር። ሥሩን ተጭኖታል፤ አብጧል፤ የረጋው ደም ወደ ጣቶች እየወረደ ነው። እንዲህ ያለው በወጣቶች፣ በወርዋሪዎች፣ በዋናተኞች ነው የሚታየው አለችኝ፤ በእኔ ዕድሜ ብዙ አልገጠማትም። «ምን ሥራ ነበር የሚሠሩት?» አለች። ስለ ሆቴሉ አንሶላዎች ነገርኳት፤ ክንድን ከራስ በላይ እያነሡ ማጠፍ፣ ማንጠልጠል፣ ማጠፍ። ራሷን ነቀነቀች።

«እጄን ታተርፊልኛለሽ?» አልኳት።

«እሞክራለሁ» አለች። «ጣቶቹን ግን ቃል አልገባም። አንዳንዴ እጁም…» ብላ አልጨረሰችውም። ስላልዋሸችኝ አመንኳት።

አጥንቷን አወጡ፤ ያበጠውን ሥር ቆርጠው ከእግሬ በወሰዱት ሥር ተኩት። ስነቃ እጄ በጥጥ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ነበር። ነርስ ደም የሚሄድበትን ድምፅ የምታዳምጥበት ትንሽ መሣሪያ ይዛ እየመጣች አንጓዬ ላይ ታስቀምጠዋለች። ሹ፣ ሹ፣ ሹ ይላል፤ ውኃ በጠባብ ቱቦ ሲሄድ እንደሚሰማው። ባለቤቴ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። ምሽት ላይ መጥታ አስቀመጠች፤ ዝም። አንቀሳቀሰችው፤ ዝም። ባለቤቴ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ነርሷ ቁልፍ ተጫነች፤ ሰዎች መጡ፤ አልጋዬን እየገፉ መልሰው ወደ ቀዶ ሕክምናው ወሰዱኝ። ሄለን በኮሪደሩ ከአልጋው ጎን ስትሮጥ «እማዬ፣ አይ አም ሶሪ» ትላለች። ምን አድርጋ እንደሆነ እንድታስረዳኝ ጊዜ አልነበረም። «አይዞሽ» አልኳት። እኔ ነበርኩ አይዞሽ የምባለው።

የረጋ ደም ዘግቶት ነበር፤ ጠረጉት። ሁለተኛ ስነቃ የመጀመሪያው የሰማሁት ያንን ሹ፣ ሹ ነው። ባለቤቴ ወንበር ላይ አንቀላፍቷል፤ ነጠላዬን ለብሶ።

የማገገሙ ጊዜ ረጅም ነበር። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይሰጠኝና በየጊዜው ደሜ ይመረመራል። የሆስፒታሉ ወጪ መንግሥት በሰጠን የጤና ካርድ የተሸፈነ ነው፤ የሚያስቸግረው መመላለሱ ነው። ሄለን የዓመት ዕረፍቷን ለእኔ ጨረሰች። የቀለበት ጣቴ ጫፍ ደርቆ እንደ ቅርፊት ወደቀ። ሌሎቹ ዳኑ። አቶ መኩሪያ የቀሚሴን ቁልፍ መቆለፍ፣ ፀጉር ማበጠር ተማረ። ፀጉሬን ሲያበጥር የዶሮ ላባ የሚነጭ ይመስላል። ስቄበታለሁ። የፈራሁት ነገር ሲደርስብኝ እንዳሰብኩት አልነበረም፤ ለዚህ ግን ብዙ ቃል የለኝም።

የእጅ ሕክምና የምትሰጠኝ ባለሙያ ከትንንሽ እንጨቶች ጀምራ ሳንቲም እስከ ማንሳት አደረሰችኝ። ብዙ ጊዜ ያለቀስኩት በሕመሙ ጊዜ አይደለም፤ አንዲት ሳንቲም ከጠረጴዛ ላይ አልነሣ ስትለኝ ነው።

ለምታነቡት እናቶች የምለው ይህን ነው። ሐኪም እንዴት ነሽ ሲል ሰላም እያለ አይደለም፤ እየጠየቀ ነው። እግዚአብሔርን አመስግኑ፤ ቀጥላችሁ ግን የሚያማችሁን ተናገሩ። ልጆቻችሁ እንዳይጨነቁ ብላችሁ የደበቃችሁትን ልጆቻችሁ ሊተረጉሙላችሁ አይችሉም። የሚያመውን እጅ ነው መስጠት ያለባችሁ። አንድ እጅ ብቻ ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ፣ ከዛለ፣ ሁለቱንም ለኩልኝ በሉ። ለሐኪሜም ሄጄ ነግሬዋለሁ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን «ሁለቱንም መለካት ነበረብኝ» አለኝ። አሁን ሁለቱንም ይለካል።

በቀጣዩ ሰመር አንድ ከሰዓት ጨዋታው አልቆ አድማጮች የሚደውሉበት ፕሮግራም ቀጠለ። ረጅሙ ስልክ ይቀበላል። አቶ መኩሪያ ሶፋው ላይ ነው። እኔ ወደ መኝታ ቤት ገብቼ ቁጥሩን ደወልኩ። ለምን ያን ቀን እንደሆነ አላውቅም። አንዲት ልጅ ስለ ምን እንደምናገር ጠየቀችኝ፤ ስለ ክንድ አልኳት። ይጠብቁ አለችኝ። ሙዚቃ ሰማሁ። ልዘጋ ነበር።

«ቀጣይ አድማጫችን ከጄን ኤንድ ፊንች ናቸው» አለ ድምፁ። በጆሮዬም በሳሎኑም እኩል ሰማሁት፤ ከዚያ የሳሎኑ ወደ ኋላ ቀረ።

«ሄሎ» አልኩ።

«እባክዎ ሬዲዮዎን ዝቅ ያድርጉት» አለኝ። «ድምፁ ይመለስብናል።»

«መኩሪያ! ሬዲዮውን ቀንሰው!»

«ምን አልሽ?» አለ ከሳሎን።

«ቀንሰው!»

«ቆይ፣ አንዲት ሴት በኛ አማርኛ ትጮሃለች በሬዲዮ!» አለና በሩን ከፍቶ ቆመ። ስልኩን አየ፤ እኔን አየ፤ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ለረጅሙ የምለውን አስቀድሜ አዘጋጅቼ ነበር። ጠፋብኝ። ስለዚህ የቀረውን ብቻ ነገርኩት። በዝናቡ ቀን እንደሰማሁት፤ ቀኝ እጄ እንደሱ እንደነበር፤ ግራዬን ስሰጥ እንደኖርኩ፤ እሱ ስለተናገረ እኔም ሄጄ እንደተናገርኩ። አንድ የጣት ጫፍ ብቻ እንዳጣሁ። አመሰግናለሁ አልኩ።

በሬዲዮ ዝም አለ። ባለቤቴ እንደሚለው የዱሮው ዓይነት ዝምታ፤ ሰው መሣሪያው ተበላሸ ብሎ የሚነካካበት። ሌላው ተናጋሪም ጣልቃ አልገባም።

«እመቤቴ» አለ በመጨረሻ፤ «አሁን ስልኩን በየትኛው እጅዎ ነው የያዙት?»

ልብ አላልኩትም ነበር። ግራ እጄን ፈለግሁት፤ ጭኔ ላይ ተቀምጧል።

«በቀኙ» አልኩት።